ሞደሜ ከሰዓት በኋላ እየደጋገመ ይጠፋል፤ ቡፌው ውስጥ ማራገቢያ ላስገባለት?

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ጤና ይስጥልኝ። በፍኖተ ሰላም መምህርት ነኝ። ቤታችን ፋይበር ከገባ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፤ እስከ ጥር ድረስ አንድም ቀን አስቸግሮን አያውቅም። ከየካቲት ወዲህ ግን ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ጀምሮ እስከ 11 ሰዓት አምስት ስድስት ጊዜ ይቋረጣል። ጠዋት ሰላም ነው፤ ማታም ከሞላ ጎደል ሰላም ነው። ልጄ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ የምታጠናውም ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ነገሩ ከልቤ አስጨንቆኛል።

ዕቃዎቹ ያሉት ሳሎን ውስጥ፣ ቡፌው የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው። የፋይበሩ ሞደም ከታች፣ ሁለተኛው ራውተር በላዩ ላይ፣ የዲሽ ሪሲቨሩ ከጎናቸው። ቡፌው የመስታወት በር አለው፤ ጀርባው በቺፑድ የተዘጋ ነው። ትናንት ሞደሙን ሳነሳው ከሥሩ ያለው እንጨት ሞቆ ነበር። እጄን ላዩ ላይ አድርጌ እስከ አሥር መቁጠር አልቻልኩም። ባለቤቴ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ አለው፤ እሱን እናስገባለት ይላል። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

ጣና 12 (ባሕር ዳር)
መጋቢት 24፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

እህቴ፣ ማራገቢያውን ለጊዜው አቆዪውና ሲቋረጥ መብራቶቹን ተመልከቺ። የኃይሉ መብራት በርቶ የፋይበሩ ምልክት ቀይ ከሆነ ችግሩ ከመስመሩ ነው፤ ያንን ማራገቢያ አያድነውም። መብራቶቹ ሁሉ ደህና ሆነው ስልካችሁ ብቻ ዋይፋዩን ከለቀቀ ከጎረቤት ዋይፋይ ጋር መደራረብ ሊሆን ይችላል። መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደ አዲስ አንድ በአንድ ከበሩ ግን ሞደሙ ራሱን አጥፍቶ እየተነሳ ነው። ይህ ወይ ከሙቀት ወይ ከኃይል ነው።

ሁለቱን ለመለየት ሞደሙን ለሁለት ቀን ከቡፌው አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ለሁለት ቀን ደግሞ መልሰሽ አስገቢው። የተቋረጠበትን ሰዓት ሁሉ በወረቀት ጻፊ። ይህን ሳያደርጉ ማራገቢያ ገዝተው፣ ቡፌ በስተው፣ በመጨረሻ ችግሩ ከደጅ ምሰሶ ላይ የተገኘባቸው ሰዎች አውቃለሁ።

አዊ ሰማይ (እንጅባራ)
መጋቢት 25፣ ጠዋት 2 ሰዓት

እኛ ያለንበት አገር ብርድ ስለሆነ የዕቃ ሙቀት አይመለከተንም ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ዓመት የእናቴ ሞደም መዝጋት ሲያበዛ ሄጄ አየሁት። ለቴሌቪዥኑ እንደሠራችው ሁሉ ለሞደሙም በእጇ ዳንቴል ሠርታ አልብሳዋለች። ዳንቴሉን ሳነሳው አቧራው የሞደሙ ቀዳዳዎች ላይ የክሩን አበባ ቅርጽ ይዞ ተቀምጦ ነበር፤ አበባው ቅጠል በቅጠል ይታያል። በብሩሽ አጸዳሁት፤ ከሥሩ አራት የለስላሳ ቆርኪ አስገብቼ ከጠረጴዛው ከፍ አደረግሁት። እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ዳንቴሉ አሁን ከሞደሙ ላይ ሳይሆን ከጎኑ፣ የአበባ ማስቀመጫው ሥር ነው። እናቴን ሳላስከፋ የተገኘ መፍትሔ ስለሆነ በጣም ደስ ብሎኛል።

ላህ ዳር፣ ቡፌው ላይ ዳንቴል ካለ መጀመሪያ እሱን አንሺ።

ጋሼ ሬዲዮ (ደብረ ማርቆስ)
መጋቢት 25፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

ልጄ ላህ ዳር፣ እኔ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። እጄ ላይ ከወደቀው ዕቃ እጅግ ብዙው የተበላሸው በሙቀት ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ከሥሩ ልንገርሽ።

ሞደም የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ሁሉ ሲውል ሲያድር ሙቀት ይሆናል። 10 ዋት ከጠጣ 10 ዋት ሙቀት ያወጣል ማለት ነው። ይህን ሙቀት ተሸክሞ የሚሄደው አየር ነው። አየሩ ሲሞቅ ይቀልና ወደ ላይ ይወጣል፤ በሥሩ ቀዝቃዛው ይተካል። ዕቃው ላይና ታች ቀዳዳ የሚበጅለት ለዚህ ነው። አንቺ ግን ሦስት ምድጃ ክዳን ያለው ድስት ውስጥ ከተሻል። የሞቀው አየር መውጫ የለውም፤ እንጨትና ቺፑድ ደግሞ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፉም። በዚያ ላይ ራውተሩ ሞደሙ ላይ ተቀምጧል፤ የታችኛው ጭንቅላት ሲሞቅ የላይኛው ሆድ ይሞቃል።

በእኛ አገር ደግሞ ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ነገር አለ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ አገሮች በሩብ ገደማ ያንሳል። ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላ ቶሎ የማይበስልልን ለዚህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሙቀቱን የሚሸከመውም አነሰ ማለት ነው። ማራገቢያ በደቂቃ የሚገፋው የአየር መጠን እዚህም እዚያም አንድ ነው፤ በዚያ መጠን ውስጥ ያለው አየር ግን ክብደቱ ያነሰ ነው። በእናንተ ፍኖተ ሰላምና በባሕር ዳር ከፍታ የሚጎድለው አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ደጋው በብርዱ ይክሰናል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ግን የሚክሰን የለም።

አብዛኛው የቤት ሞደምና ራውተር መመሪያው ላይ ከ0 እስከ 40 ዲግሪ እንዲሠራ ተብሎ ተጽፏል። ያ 40 የሳሎኑ ሙቀት አይደለም፤ ዕቃው የሚተነፍሰው አየር ሙቀት ነው። ቡፌሽ ውስጥ ያለው አየር ስንት እንደሆነ ለኪና ንገሪን። የትኩሳት መለኪያ አይሆንሽም፤ 42 ላይ ያበቃል።

ሞጣ ተማሪ (ሞጣ)
መጋቢት 25፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ጋሼ፣ ጓደኛዬ በረዶ በላስቲክ ቋጥሮ ራውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ይሠራል ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ጋሼ ሬዲዮ (ደብረ ማርቆስ)
መጋቢት 25፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ዛሬውኑ እንዲያነሳ ንገረው ልጄ። ቀዝቃዛ ለስላሳ የያዘ ብርጭቆ ውጪው እንደሚያልበው ሁሉ ራውተሩም ከውስጥ ያልበዋል፤ ውሃውም የሚያርፈው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ነው።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጣና 12ም አዊ ሰማይም አመሰግናለሁ። የታዘዝኩትን ሁሉ አደረግሁ። ከትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ የሙቀት ገመድ ያለው ቴስተር ተውሼ ለካሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሳሎኑ 29 ዲግሪ፣ በሩ የተዘጋው ቡፌ ውስጥ የላይኛው መደርደሪያ 46፣ የሞደሙ ጀርባ 61 ነበር። ጋሼ እንዳሉት የ40ውን ወሰን በ6 ዲግሪ አልፎታል።

ሲቋረጥ መብራቶቹ በሙሉ ጠፍተው እንደ አዲስ ይነሳሉ። ጠረጴዛ ላይ ባሳለፈባቸው ሁለት ቀናት ከሰዓት በኋላ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ ጀርባውም 47 ነበር። ወደ ቡፌው በመለስኩት ቀን 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። በሁለቱ ቀናት ውስጥ በጠቅላላው ዘጠኝ ጊዜ።

አንድ ያልገባኝ ነገር ግን አለ። ጠረጴዛ ላይ እያለም ምሽት ላይ አንድ ጊዜ ጠፍቷል። ሞደሙን ውጪ እንዳልተወው ደግሞ ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ገመድ ያየበት ቦታ አይተኛም። ስለዚህ ቡፌው ውስጥ መቆየቱ ግድ ነው።

ጣና 12 (ባሕር ዳር)
መጋቢት 30፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

እንግዲህ ማራገቢያ የሚገባው እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ሞደም ገላጣ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ለሚችል ሰው ማራገቢያ አልመክርም፤ መደራረቡን መተውና ከሥሩ ክፍተት መስጠት ይበቃዋል። ዕቃው መዘጋት ካለበት ግን አየሩን የሚገፋ ነገር ያስፈልጋል።

ትልቅ ማራገቢያ አያስፈልግሽም። ሞደሙ፣ ራውተሩና ሪሲቨሩ ተደምረው 30 ዋት ያህል ይሆናሉ እንበል። የቡፌው አየር ከሳሎኑ በ10 ዲግሪ ብቻ እንዲበልጥ፣ በእናንተ ከፍታ በሰዓት 11 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አየር ማለፍ አለበት። ባለ 12 ሴንቲ ሜትር የኮምፒውተር ማራገቢያ በሙሉ ፍጥነቱ፣ ምንም ሳያግደው፣ በሰዓት ከ70 እስከ 100 ኪዩቢክ ሜትር ይገፋል። ስለዚህ ለ12 ቮልት የተሠራውን በ5 ቮልት ብታንቀሳቅሺውም ይተርፍሻል። ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ድምፁ ሳሎን ውስጥ አይሰማም፤ የሚጠጣውም ግማሽ ዋት እንኳ አይሞላም።

አሠራሩ፦ ማራገቢያው ከላይ ይሁን፣ የሞቀውን አየር ወደ ውጭ ያውጣ። ከታች ተመሳሳይ ስፋት ያለው የመግቢያ ቀዳዳ ይኑር። የመግቢያው ቀዳዳ ከተረሳ ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር ሲያማስል ይውላል።

ዳንግላ ካሜራ (ዳንግላ)
ሚያዝያ 1፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ወንድሜ ጣና 12፣ ስሌትህን እቀበላለሁ፤ አቅጣጫው ላይ ግን አልስማማም። እኔ የጥበቃ ካሜራ እዘረጋለሁ። አንድ ደንበኛዬ መቅጃው እንዳይሰረቅ ብሎ ኮርኒስ ላይ እንዳወጣው አደረገኝ፤ እሺ ማለቴ ጥፋቴ ነበር። በቆርቆሮና በኮርኒስ መካከል ያለውን ሙቀት እኩለ ቀን ላይ ራሱን አስገብቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሙቀቱን ለማውጣት ሳጥኑ ላይ የሚስብ ማራገቢያ ገጠምኩ። ከሦስት ወር በኋላ ስከፍተው ውስጡ በአንድ ጣት ውፍረት አቧራ ለብሷል፤ ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ከመንገድ ዳር የሚነሳው የበጋ አቧራ በየስንጥቁ ገብቶ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማራገቢያ አየር ሲያወጣ ሳጥኑ ውስጥ ጉድለት ይፈጠራል፤ ጉድለቱን ለመሙላት አየር በተገኘው ቀዳዳ ሁሉ፣ በበር ጠርዝ፣ በገመድ መግቢያ ሳይጣራ ይገባል። ማራገቢያው ከታች ሆኖ ወደ ውስጥ ሲገፋ ግን የሚገባው አየር በአንድ በር ብቻ ነው፤ ያን በር በጨርቅ ማጣራት ይቻላል። በስንጥቆቹ አየር ይወጣል እንጂ አቧራ አይገባም። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ እንዲህ ነው፤ አሮጌ አጎበር ሁለት ድርብ አድርጌ ማራገቢያው ፊት እወጥራለሁ። በየሁለት ሳምንቱ ይታጠባል።

ጣና 12 (ባሕር ዳር)
ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

ይህን ካንተ ተማርኩ። እኔ የምሠራው አስፋልት ዳር ባለ ፎቅ ቢሮ ውስጥ ስለሆነ አቧራውን ንቄው ነበር። ለቤት ያንተ አሠራር ይሻላል፤ ማራገቢያው ከታች በወንፊት እየገፋ፣ መውጫው ከላይ ክፍት ሆኖ። ማራገቢያው አንድ ቀን ቢቆም እንኳ ሞቃቱ አየር በራሱ ወደ ላይ መውጣቱን አይተውም።

አንድ ልጨምር። ቡና የሚፈላበትና ዕጣን የሚጨስበት ቦታ ከማራገቢያው ይራቅ። የቡናና የዕጣን ጭስ ቅባት አለው፤ ምላጮቹ ላይ ይጣበቅና አቧራውን እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ሞጣ ተማሪ (ሞጣ)
ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

እኔም ለራሴ ልሠራ ነው። ማራገቢያዬ ሦስት ገመድ አለው፦ ቀይ፣ ጥቁር፣ ቢጫ። ኃይሉን ከየት ላምጣ?

ዳንግላ ካሜራ (ዳንግላ)
ሚያዝያ 1፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ከማትጠቀምበት የስልክ ቻርጀር፣ ወንድሜ። አሮጌ የቻርጀር ገመድ ቁረጥና ውስጡን ተመልከት፤ አብዛኛውን ጊዜ ቀዩ የ5 ቮልት ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ከማገናኘትህ በፊት በቴስተር አረጋግጥ። ቀዩን ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከጥቁሩ አገናኝና ለየብቻ በፕላስተር ጠቅልላቸው። በሦስት ገመዱ ቢጫው ፍጥነት የሚናገር ገመድ ስለሆነ ተወው። አራት ገመድ ያለው ማራገቢያ ከሆነ ግን ተጠንቀቅ፤ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ ቢጫው ነው ኃይል የሚቀበለው።

ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ አንዳንዱ የ12 ቮልት ማራገቢያ በ5 ቮልት ሲሽከረከር ይቀጥላል እንጂ ከቆመበት አይነሳም። በእጅህ ገፋ ስታደርገው ይነሳና ደህና ይመስልሃል። በእኛ አገር መብራት በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሄድ ታውቃለህ። ስለዚህ አሥር ጊዜ ንቀልና ሰካ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነሳ ከቀረ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሌላ ፈልግ፣ ወይም ከመጀመሪያው ለ5 ቮልት የተሠራ ግዛ።

የ220 ቮልት ማራገቢያ ከአሮጌ ማሽን ነቅለህ ልጅ ባለበት ቤት ውስጥ እንዳትገጥም።

ደጀን ቁልቁለት (ደጀን)
ሚያዝያ 3፣ ጠዋት 3 ሰዓት

እኔ የምሠራው ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ ወደ ድልድዩ መውረጃ ነው። ቢሯችን ከቀትር በኋላ 38 ዲግሪ ይደርሳል። ራውተሩ ግድግዳ ላይ ክፍት ሆኖ ተሰቅሎም ይዘጋል። ማራገቢያ ይጠቅመኛል?

ጣና 12 (ባሕር ዳር)
ሚያዝያ 3፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

ይጠቅማል፤ ልኩን ግን እወቀው። ማራገቢያ ብርድ አይሠራም፤ በዕቃው ዙሪያ የቆመውን ትኩስ አየር ገፍቶ የክፍሉን አየር ያመጣለታል። ክፍሉ 38 ከሆነ ዕቃው ከ38 በታች የሚወርድበት መንገድ የለም። የራውተሩ ገላ አሁን 62 ነው እንበል፤ ወደ 50 ያወርድልህ ይሆናል፤ ይህም ቀላል አይደለም። ከዚህ በላይ ግን ቦታውን ለውጥ። ከቆርቆሮው ሥር አውርደው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከፍታ ላይ ስቀለው። ድንጋይ ወይም ጭቃ ግድግዳ ያለው ክፍል ካላችሁ እዚያ አስገባው። ከአጠገቡ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ካለም አርቀው፤ ዩፒኤሱ ራሱ ይሞቃል፤ ባትሪውም ከ25 ዲግሪ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ሠራነው፤ ግን በመጀመሪያው ቀን በጣም ነበር ያዘንኩት። አናጢ ጠርተን የቡፌውን ጀርባ ከታች 11 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቀዳዳ አስበሳነው። ማራገቢያውን በአራት ብሎን ገጠምነው፤ የብሎኖቹ ርቀት 10.5 ሴንቲ ሜትር ነው። እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቆርጠን አስገባንበት። ከላይ ባለ 6 ሴንቲ ሜትር አራት ቀዳዳ አወጣን። ቡፌውን ከግድግዳው አንድ ጋት አራቅነው። አጎበሩንም ወጠርን። አብርተን ከሰዓት በኋላ ብለካው ከ46 ወደ 44 ብቻ ወረደ። ባለቤቴ «ለሁለት ዲግሪ ነው ቡፌዬን ያስበሳሽው?» አለኝ።

ማታ ቡና ካፈላሁ በኋላ አንድ ነገር ታሰበኝ። የዕጣኑን ጭስ አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሳየኝ እንደሆነ ብዬ ማጨሻውን ማራገቢያው አጠገብ ለአፍታ ያዝኩት። (ጣና 12፣ ዕጣን አርቁ ያልከውን አልረሳሁም፤ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ነው።) ጭሱ በማራገቢያው ገባ፤ በመስታወቱ በኩል አየሁት፤ የታችኛውን ክፍል ሞላ፤ ከዚያ በበሩ ሥር ተመልሶ ወደ ሳሎን ወጣ። ወደ ላይ አንዲት ክር ጭስ እንኳ አልወጣችም። የመካከለኛው መደርደሪያ ጀርባውን እስኪነካ ድረስ የገባ ስለሆነ የላይኛውን ክፍል ከታችኛው ዘግቶታል።

አናጢው ተመልሶ መጥቶ የመደርደሪያውን የኋላ ጠርዝ በአራት ሴንቲ ሜትር አሳጠረው። የበሩን የታች ክፍተት በስፖንጅ ዘጋሁት። ራውተሩን ከሞደሙ ላይ አንስቼ ሁለቱንም በቆርኪ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ጭሱን ደግሜ ባየው በላይኞቹ አራት ቀዳዳዎች አንድ ላይ ሲወጣ አየሁ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። በማግሥቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ሳሎኑ 29 ሆኖ፣ ቡፌው ውስጥ 35፣ የሞደሙ ጀርባ 46። ጠረጴዛ ላይ ከነበረውም በአንድ ዲግሪ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ መቋረጡ ቀርቷል። የምሽቱ ግን አልቀረም። ትናንት ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ጠፋ።

ጋሼ ሬዲዮ (ደብረ ማርቆስ)
ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ልጄ፣ ያ የዕጣን ሥራሽ በጣም አስደስቶኛል። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ አላሰብኩትም።

አሁን ንገሪኝ፤ ቅዳሜ በጠፋባቸው ሰዓታት ቤት ውስጥ ምን ይሠራ ነበር?

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከሩብ

እንጀራ እየተጋገረ ነበር፣ ጋሼ። በኤሌክትሪክ ምጣድ።

ጋሼ ሬዲዮ (ደብረ ማርቆስ)
ሚያዝያ 8፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት

ተገኘ። ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይጠጣል። በገባ ቁጥር የቤቱ ቮልት ይወድቃል። ጤነኛ አዳፕተር ይህን አይሰማውም፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት እንዲሠራ ተብሎ ተጽፎለታል። የአንቺ አዳፕተር ግን ዓመት ከመንፈቅ እዚያው ድስት ውስጥ ተቀቅሏል። ውስጡ ካፓሲተር የሚባል ነገር አለ፤ ኃይል ለአፍታ ሲጎድል ካጠራቀመው የሚያበድረው እሱ ነው። ሆዱ ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ በሙቀት እየደረቀ ይሄዳል። በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል ብለን ነው የምንገምተው። ከደረቀ ደግሞ ብታቀዘቅዢውም አይመለስም። ለዚህ ነው ሙቀቱን አስወግደሽ የምሽቱ ችግር የቀረው።

ለማረጋገጥ አዳፕተሩ ሞደሙን እያሠራ ሳለ ይለካ። ሥራ ሳይሠራ ከተለካ የደከመውም 12 ቮልት ያሳይሻል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ስትገዢ ቮልቱ ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፤ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፤ የጫፉ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ምልክትም አንድ ይሁን። አሮጌውን ከፍተሽ ለመጠገን እንዳትሞክሪ፤ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ የሚመታ ኃይል ይቆያል።

አዊ ሰማይ (እንጅባራ)
ሚያዝያ 9፣ ጠዋት 2 ሰዓት

ጋሼ፣ ሰኔ ሲገባስ? እኛ ጋ ጉሙ ቤት ውስጥ ይገባል። ማራገቢያው እርጥብ አየር ሲገፋበት መዋሉ አይጎዳውም?

ጣና 12 (ባሕር ዳር)
ሚያዝያ 9፣ ከቀኑ 6 ሰዓት

የሚሠራ ዕቃ ከክፍሉ አየር ስለሚሞቅ እርጥበት አያርፍበትም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መብራት ጠፍቶ ዕቃው ሲቀዘቅዝ ነው። እንጅባራ ላይ በክረምት ማራገቢያውን ነቅሎ መተው ይቻላል። ይህን በራሱ የሚያደርግ ትንሽ የሙቀት ማብሪያ ሰሌዳም አለ፤ ደብሊው 1209 ይባላል፣ በ12 ቮልት ይሠራል። 35 ላይ እንዲያበራ፣ 30 ላይ እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል። ወንፊቱም ሳይደፈን ይቆያል።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል

ጋሼ፣ ባለቤቴ ሞደሙ እየሠራ ሳለ ለካው፤ ምጣዱ ሲገባ 12 የነበረው ወደ 9 ወረደ። አዲስ አዳፕተር ገዛን፤ እሱን ከቡፌው ውጭ፣ ልጁ በማይደርስበት ሶኬት ላይ ሰካነው። ዛሬ ከ10 ሰዓት ጀምሮ እንጀራ ተጋግሯል፤ አልጠፋም። መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ መጣ፤ ማራገቢያው ሁለቱንም ጊዜ ራሱ ተነሳ። ልጄ ከጎኔ እያጠናች ነው።

አጎበሩን ዛሬ አጠብኩት። ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ውሃው ቀይ አፈር ሆኖ ወጣ፤ ዳንግላ ካሜራ፣ በየሁለት ሳምንቱ ያልከውን እኔ በየሳምንቱ አድርጌዋለሁ።

ሞጣ ተማሪ (ሞጣ)
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

መምህርት፣ እንኳን ደስ አለዎት። የእኔ ማራገቢያ ከአሥሩ ሁለት ጊዜ ሳይነሳ ቀረ። ለ5 ቮልት የተሠራ እየፈለግሁ ነው። መደርደሪያውን በስንት ሴንቲ ሜትር እንዳሳጠሩት ደግመው ይንገሩኝ፤ የእኛም ቡፌ እንደዚያው ነው።

ላህ ዳር (ፍኖተ ሰላም)
ሚያዝያ 16፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

አራት ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ፣ ከዳር እስከ ዳር። ከመቁረጥህ በፊት ግን በጭስ ሞክረው።